የገቢ መዝገቡና የተሰናባቹ መልስ

ከሥራ የተሰናበተ ሰው የሚገባውን ክፍያ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ማግኘት አለበት። ይህን የሚለው ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 36 ነው። ሠራተኛው የተረከበውን ንብረት ሳይመልስ ቆይቶ ወይም በሌላ በራሱ ጥፋት ካላዘገየው በቀር ቀኑ አይራዘምም። በሒሳቡ ባይስማሙ እንኳ አሠሪው ያመነበትን ያህል በጊዜው ይከፍላል፤ ክርክሩ የሚቀጥለው በቀረው ላይ ነው። ቀኑን አሳልፎ ከተገኘ ደግሞ ጉዳዩን የሚያየው አካል እስከ ሦስት ወር የሚደርስ ደመወዝ እንዲጨምር ሊያዝበት ይችላል።

ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ ተሰናባቾች ዛሬም በየድርጅቱ በር ላይ ይቆማሉ። «ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናት»፣ «ፋይናንስ አልፈረመም»፣ «ሰኞ ብቅ በል» ይባላሉ። ገንዘቡ ከመዘግየቱ ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ሰዎቹ የተጻፈ መልስ አያገኙም። ይከፈልሃል የሚል ወረቀት የለም፣ አይከፈልህም የሚልም የለም። ይህ ዝምታ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ ብዬ አምናለሁ፤ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ደብዳቤ ገብቶ በሚወጣበት በር ላይ ነውና።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አስተዳደር ክፍል ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ቆይቶም መዝገብ ቤቱን ተረከብኩ። ያን ጊዜ ፋብሪካው የመንግሥት ነበር። ከኔ በፊት የነበሩት የመዝገብ ቤት ኃላፊ በጃንሆይ ዘመን የተቀጠሩ፣ የድሮውን ፋይል ሁሉ በእጃቸው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የሠራተኛውን ታሪክ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው።

እንደነገሩኝ ከሆነ በእሳቸው ወጣትነት የሚሰናበት ሠራተኛ የሚጠይቀው ቢሮ አልነበረም። አለቃው «በቃህ» ካለው በቃው። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የፋብሪካዎች አዋጅ ቁጥር 58 ዋና ጉዳዩ በሥራ ቦታ ያለው ጤናና ደኅንነት ነበር። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሥራ ጉዳይ ማኅበር የማቋቋምን መብት አነሣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የሥራ ውልን ከሌሎች ውሎች ጋር አስፍሮ ደነገገ። ነገር ግን አንድ የወንጂ አገዳ ቆራጭ ወይም አንድ የድሬዳዋ ፈታይ ብቻውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅሶ አሠሪውን መሞገት እንዴት ይችላል? ለውጥ የመጣው ሠራተኞች በጋራ መጻፍ ሲጀምሩ ነው። በ1955 የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት በአንድ ላይ ሆነው ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ፤ አብርሃም መኮንንንም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ። በዚያው በ1950ዎቹ አጋማሽ የወጣው አዋጅ ቁጥር 210 ማኅበራቱ ከአሠሪ ጋር የኅብረት ስምምነት እንዲዋዋሉ መንገድ ከፈተ፤ ክርክራቸውን የሚሰማ ቦርድም አቋቋመ።

ከዚህ በኋላ በየፋብሪካው አንድ አዲስ ነገር ታየ። የማኅበር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለአስተዳደሩ መግባት ጀመረ፤ ማኅተም ላለበት ደብዳቤ ዝም ማለት ቀላል አልነበረም። አስተማሪዬ የዚያን ዘመን ፋይሎች ሲያሳዩኝ ከሁሉ የደነቀኝ፣ አስተዳደሩ «አንቀበልም» ሲል እንኳ በቁጥርና በቀን መጻፉ ነው። እምቢታውም በወጉ ተጽፎ ነበር።

በ1967 ባንኮችና ኢንሹራንሶች፣ ቀጥሎም ብዙ ፋብሪካዎች ወደ መንግሥት ዞሩ። በ1968 የሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 64 ወጣ። የቀድሞው ኮንፌዴሬሽን ፈረሰ፤ በቦታውም የመላ ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር (መኢሠማ) ተተካ። እኔ ስቀጠር እንግዲህ አሠሪውም መንግሥት፣ ማኅበሩም ከመንግሥት ጋር፣ ተቆጣጣሪውም መንግሥት ነበር። የዚያን ዘመን ቢሮ ለማወደስ አልነሣሁም። ሰው በአንድ ካድሬ ቃል ከሥራው ሲታገድ አይቻለሁ፤ ምክንያቱ በፋይሉ ውስጥ ሳይጻፍ ሲቀርም አይቻለሁ። ቢሆንም መዝገብ ቤት የሚባለው ክፍል ከጃንሆይ ዘመን የወረሰውን ሥርዓት አልለቀቀም፤ እኔ ለመመስከር የምፈልገው ስለዚህ ሥርዓት ነው።

አንድ ማመልከቻ ሲመጣ መጀመሪያ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ትልቁ የገቢ መዝገብ ይከፈታል። ገጹ በቋሚ መስመር ተከፋፍሏል፤ ተራ ቁጥር፣ የደረሰበት ቀን፣ የደብዳቤው ቁጥር፣ ከማን፣ ጉዳዩ፣ ለማን እንደተመራ፣ የፋይል ቁጥር፣ የተቀባይ ፊርማ፣ በመጨረሻም ለመልሱ ቁጥር የተተወ ባዶ ቦታ። ማመልከቻው ላይ የገቢ ማኅተም ይመታና ቀንና ቁጥር ይጻፍበታል። አመልካቹ ሁለተኛ ቅጂ ይዞ ከመጣ ያው ማኅተም በእሱም ቅጂ ላይ ይመታለታል። ከዚያ ደብዳቤው ወደ ኃላፊው ይገባል፤ ኃላፊው በኅዳጉ ላይ «አጣርተህ አቅርብ» ወይም «ይፈጸም» ወይም «ለመረጃ» ብሎ ይመራዋል። ተመሪው ሲወስደው በመዝገቡ ላይ ይፈርማል። መልሱ ሲዘጋጅ በኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና በካርቦን ይመታል፤ አንደኛው ለአመልካቹ፣ አንዱ ለግል ማኅደሩ፣ አንዱ ለመዝገብ ቤት። ሲወጣም በወጪ መዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያ ቁጥር ተመልሶ በገቢ መዝገቡ ላይ ከማመልከቻው አጠገብ ይሰፍራል።

ለመልሱ የተተወችው ያቺ የመጨረሻ ባዶ ቦታ ናት ዋናዋ። ሳምንቱ ሲያልቅ አስተማሪዬ መዝገቡን ገልብጠው ባዶ የቀሩትን መስመሮች በእርሳስ ምልክት ያደርጉባቸው ነበር። ሰኞ ጠዋት መዝገቡን ታቅፈው ወደ ኃላፊው ቢሮ ይገባሉ። «ጌታዬ፣ እነዚህ አልተመለሱም» ይላሉ። ሌላ አይጨምሩም። ኃላፊው ይቆጣል፣ ይነጫነጫል፣ ግን መልስ ይሰጣል፤ የማን ደብዳቤ ከማን ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ በፊርማ ስለሚታወቅ «አላየሁትም» ማለት አይቻልም። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ዝምታ ባለቤት ነበረው።

ደርግ ሊወድቅ አራት ወር ሲቀረው፣ በ1983 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን ስምምነት ቁጥር 158 አጸደቀች። ስምምነቱ የሥራ ውል ያለ በቂ ምክንያት እንዳይቋረጥ፣ ሠራተኛም ለመከላከል ዕድል ሳይሰጠው በጥፋት እንዳይባረር ይላል። በዚያ የጦርነት ወራት ማን ልብ አለው? በ1985 የወጣው አዋጅ ቁጥር 42 ግን አብዛኛውን ሐሳብ ወደ አገር ሕግ አመጣው፤ ዛሬ የምንጠቅሳቸው የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ የሥራ ስንብት ክፍያ፣ የቅነሳ ሥርዓት ሁሉ መልካቸውን የያዙት በዚያ አዋጅ ነው። በ1996 ቁጥር 377 ተካው፣ በ2011 ደግሞ 1156።

ያ ሕግ ያስፈለገበት ምክንያት ብዙም ሳይቆይ ደጃችን ላይ ደረሰ። መንግሥት ድርጅቶችን ወደ ግል የሚያዛውር ኤጀንሲ በ1986 አቋቁሞ ፋብሪካዎችን አንድ በአንድ ያስተላልፍ ጀመር። የኛም ተራ መጣ። አዲሱ ባለቤት ሠራተኛ በዝቷል አለ፤ ስማችን በግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ የኔም ስም ነበረበት። የስንብት ደብዳቤዬን ወጪ አድርጌ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ለራሴ ፈርሜ የተቀበልኩት እኔው ነኝ። ክፍያችንን ስንጠይቅ አዲሱ አስተዳደር የቀድሞው ይጠየቅ አለ፤ ቀድሞ የሚያስተዳድረን መሥሪያ ቤት ደግሞ ኃላፊነቱ ከንብረቱ ጋር ተላልፏል አለ። ሁለቱም ይህን የነገሩን በቃል ነው። እኛ የመዝገብ ቤት ሰዎች ግን የጻፍነውን ሁሉ በሁለት ቅጂ አስገብተን በግልባጩ ላይ ማኅተም አስመትተን ነበር። በመጨረሻ መብታችንን ያገኘነው በዚያ ግልባጭ ነው። ከኛ ጋር የተቀነሱ፣ በቃል ብቻ ሲጠይቁ የከረሙ ብርቱ ብርቱ ሸማኔዎች ግን ጉዳያቸው በይርጋ ቀረ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ይርጋውን ማስረዳት አለብኝ፤ ተሰናባቹን የሚጎዳው ከሁሉ በላይ እሱ ነውና። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄም፣ ውሉ በመቋረጡ የሚመጣው ክፍያም የስድስት ወር ዕድሜ ነው ያላቸው። ለአሠሪው የተሰጠው ሰባት የሥራ ቀን ነው፤ እሱ ቢያሳልፈው ቅጣቱን የሚያመጣበት ሠራተኛው ከሶ ሲረታ ብቻ ነው። የሠራተኛው ወራት ግን ማንም ሳይከስ በራሳቸው ይቆጠራሉ። «ሰኞ ብቅ በል» የተባለበት እያንዳንዱ ሰኞ ከነዚያ ወራት ላይ ይቀንሳል።

ሕጉ ይርጋው የሚቋረጥበትንም ነገር ጽፏል። ጉዳዩ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ወይም ለዳኝነት አካል ከቀረበ ይቋረጣል፤ አሠሪው የሠራተኛውን መብት በጽሑፍ ካመነለትም ይቋረጣል። በጽሑፍ! አሁን የሰው ኃይል ክፍሉ ለምን መልሱን በቃል እንደሚወድ መገመት አያስቸግርም። ሁሉም ተንኮለኛ ነው አልልም፤ ብዙዎቹ ወረቀት መጻፍ ስለሚሰለቻቸው ብቻ ነው። ለተሰናባቹ ግን ውጤቱ አንድ ነው። «ገንዘብህ አለ፣ ታገሥ» የሚል የቃል መልስ ከሰባት ወር በኋላ በችሎት ፊት ምንም አይመሰክርለትም። ያው ቃል በደብዳቤ ላይ ተጽፎ፣ ቲተርና ክብ ማኅተም አርፎበት ቢሆን ኖሮ መብቱን ያድንለት ነበር።

ምን ያህል ገንዘብ እንደሆነም ይታወቅ። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ፣ 10 ዓመት ያገለገለ፣ የሥራ ስንብት የሚገባው ሠራተኛ በቅነሳ ቢወጣ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ገደማ ደመወዝ፣ ለተቀሩት ዘጠኝ ዓመታት ደግሞ በየዓመቱ የዚያ ሲሶ ይታሰብለታል፤ 6,000 እና 18,000፣ በድምሩ 24,000 ብር። ቅነሳ በመሆኑ ደግሞ የሁለት ወር ያህል፣ 12,000 ብር ይጨመራል። በ36,000 ብር አንድ ቤተሰብ ሥራ እስኪገኝ ኪራይ ይከፍላል፤ ልጅ ከትምህርት ቤት አይወጣም። ስድስት ወር ቆይቶ ቢመጣ ግን አስቀድሞ በአራጣ ለተበደሩት ብድር ነው የሚሄደው።

ከኛ መሰናበት በኋላ የቢሮው መልክ ተለወጠ። አስተዳደር ክፍል ይባል የነበረው የሰው ኃይል አስተዳደር ሆነ፣ ከዚያ የሰው ሀብት ልማት፣ በግል ድርጅቶች ዘንድ ኤችአር። ኮምፒዩተር ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቢፒአር የተባለው የአሠራር ለውጥ በየመሥሪያ ቤቱ ሥራውን ሁሉ እንደገና አደራጀው። ፍጥነት መጣ የተባለበት ዘመን ነው፣ ብዙ ጠቃሚ ነገርም መጥቷል። በብዙ የግል ድርጅት ግን መዝገብ ቤቱ እንደ ትርፍ ክፍል ታይቶ ተዘጋ፤ ማመልከቻው በቀጥታ በአንዲት ሠራተኛ ኢሜይል ውስጥ መግባት ጀመረ። እሷ ፈቃድ ከወጣች፣ ሥራ ከለቀቀች ወይም ራሷ ከተቀነሰች ማመልከቻው ከእሷ ጋር ይጠፋል። ባዶ መስመር የሚያሳይ ገጽ የለም፤ ሰኞ ጠዋት መዝገብ ታቅፎ የሚገባ ሰውም የለም። እኔ እንደማምነው የተሰናባቹ መልስ የጠፋው በዚህ ነው። ሕጉ እየጠነከረ ሲሄድ ሕጉን የሚሸከመው ተራ የቢሮ ልማድ ፈረሰ።

ስለ ሥራ ልምድ ማስረጃም መናገር ግድ ነው። አሠሪው ውሉ ሲቋረጥ፣ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ መስጠት ግዴታው ነው። ብዙ ቢሮ ይህን ከክሊራንስ ጋር ያስረዋል። ተሰናባቹ የክሊራንሱን ቅጽ ይዞ ከንብረት ክፍል ወደ ሒሳብ፣ ከሒሳብ ወደ ብድርና ቁጠባ፣ ከዚያ ወደ ቅርብ አለቃው ይዞራል፤ ከስምንት ዓመት በፊት በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ የተሰጠው ካልኩሌተር በሞዴል 19 ገቢ መሆኑ እስኪረጋገጥ ይጠበቃል። ንብረት ማስረከብ ተገቢ ነው፤ እኔም ሁሉንም አስረክቤ ነው የወጣሁት። ማስረጃው ግን የአሠሪው ንብረት አይደለም። ሰውየው የኖረው ዕድሜው ነው።

በአራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተው የሥራ ማስታወቂያ ያነቡ የነበሩትን ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ማስታወቂያው በጋዜጣ ከወጣ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ሰባት ወይም አሥር የሥራ ቀናት ነው። ከግል ድርጅት የተገኘ የሥራ ልምድ ከሆነ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲገለጽ ይጠየቃል። ስለዚህ ሥራ ፈላጊው ቀድሞ የተሰጠው ማስረጃ ይህን ካልያዘ ወደዚያው ቢሮ ተመልሶ ማስተካከያ መለመን አለበት። መልሱ ሲዘገይ ማስታወቂያው ያልፋል። ከሥራ ወጥቶ ሳለ ሁለተኛ ሥራ ደግሞ እንዲያመልጠው ይደረጋል ማለት ነው። ስለ ክፍያ መዘግየት የሚደነግገው አንቀጽ 38 ለዚህ ሁለተኛ ጉዳት የሚያሰላው ካሣ የለም።

በ2012 ኮቪድ ሲመጣ የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ቁጥር 466 የሠራተኛ ጉዳይን የሚመራው ሚኒስቴር ካወጣው አሠራር ውጭ ሠራተኛ ማሰናበትን ከለከለ። ያ ክልከላ ለጊዜው ብዙ ሰው አትርፏል። ብዙም ሳይቆይ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ በዚሁ ሳቢያ አሜሪካ አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ኢትዮጵያን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ አወጣች። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ፒቪኤች የተባለ ትልቅ የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በዚያ ፓርክ መስፊያ መኪና ላይ የሚሠሩት አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ፋብሪካ ሲዘጋ ኤችአሩም አብሮ ይዘጋል፤ ገጠር የተመለሰች ልጅ የሥራ ልምዷን ከማን ትጠይቅ? የኛ ዘመን ሸማኔ ቢያንስ በሩን ያውቀው ነበር።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሰፈር ውስጥ ተቀነስኩ የሚል ልጅ ሲመጣ «እትዬ፣ ምን ላድርግ?» ይለኛል። እኔም መጀመሪያ የስንብት ደብዳቤውን ቀን አያለሁ። ከዚያ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ እንጽፋለን፤ የሚጠይቀውን በቁጥር ለይተን፣ ስንብት፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ፣ የሥራ ልምድ። አንቀጽ 36ን እንጠቅሳለን። በሁለተኛው ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተም እንዲመታለት አዘዋለሁ። እምቢ ካሉት በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይልከዋል፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ መላኩን ያስረዳለታል። ኢሜይልም ይላክ፤ በ2012 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቶታል። ሰባቱ የሥራ ቀናት አልፈው መልስ ከሌለ ወደ ሥራ ክርክር ችሎት እንዲሄድ እመክረዋለሁ። ችሎቱ ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል።

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና ለየክልሉ ቢሮዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ወደ ድርጅት ሲገቡ የደመወዝ መዝገብ ያያሉ፣ የመኪና መከለያ ያያሉ፣ የእሳት ማጥፊያ ያያሉ። ከነዚህ ጋር የተሰናባቾችን ማመልከቻ የሚመዘግብ ገጽ ይጠይቁ። የገባበት ቀን፣ የተመራለት ሰው፣ የተመለሰበት ቀንና የወጪ ቁጥር ይኑርበት። በኮምፒዩተር ይሁን በወረቀት ግድ የለኝም። ባዶ መስመር ካገኙ በዚያው ዕለት ኃላፊውን ይጠይቁት።